ጭራው የተቆረጠ ቁጥር

በመሥሪያ ቤቱ ሰውየውን በስሙ የሚጠራው የሰው ኃይል ክፍል ብቻ ነው። የተቀረው ሁሉ ማስመሪያ ይለዋል። ስሙ ያለ ምክንያት አልወጣለትም። ፕሮግራም ጸሐፊ ነው፤ ሥራው ቁጥር ተቀብሎ ፋይል ላይ መጻፍ ነው፤ የጻፈው ፋይል ሲከፈት ነጥብ ከነጥብ ሥር፣ አሃዝ ከአሃዝ ሥር ቀጥ ብሎ ካልወረደ ደግሞ ምሳው አይወርድለትም። ሌላው ሰው ቁጥሩ ልክ ከሆነ ይበቃዋል። ማስመሪያ ግን ልክ የሆነው ቁጥር ከሰልፉ ትንሽ ወጣ ካለ እንደ ስህተት ይቆጥረዋል። አንድ ጊዜ ስብሰባ መሃል ተነስቶ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ የሌላ ክፍል ሠንጠረዥ በብዕር ሲያቀና ታይቷል ይባላል፤ ውሸት ነው ብሎ የተከራከረለት የለም።

መሥሪያ ቤቱ የሚጠብቀው ኮረብታ ነው። ከተማው ዳር ላይ አፈሩ ልል የሆነ፣ ከሥሩ ቤት በቤት ላይ የተደረደረበት ኮረብታ አለ። ይንሸራተት ይሆናል ተብሎ ስለሚፈራ ወገቡ ላይ መለኪያ የታሰረባቸው ካስማዎች ተተክለዋል። እያንዳንዱ ካስማ ከትናንት ወዲህ ስንት ሴንቲሜትር እንደተንቀሳቀሰ በየጠዋቱ ይልካል። የማስመሪያ ፕሮግራም ያንን ተቀብሎ ፋይል ላይ ይጽፋል፤ ሌላ ፕሮግራም ፋይሉን ያነብና ቁጥሩ ከልክ ካለፈ ያስጠነቅቃል። ኮረብታ መጠበቅ ማለት ይኸው ነው፤ ሲያወሩት ትልቅ፣ ሲሠሩት ከዜሮና ከነጥብ ጋር መዋል።

ማታ ቤቱ ይገባል። ቤት ማለት ሁለት ክፍል፣ አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ወንበር። አላገባም፤ ለምን እንዳላገባ ሲጠየቅ መልሱ በየዓመቱ እያጠረ ሄዶ አሁን ትከሻ መነቅነቅ ብቻ ሆኗል። ራት ሲበላ ሬዲዮ ይከፍታል፤ ዜና አንባቢው «እንደምን አመሻችሁ» ሲል «እግዜር ይመስገን» ብሎ ይመልሳል። መጀመሪያ ለቀልድ ነበር። ቀልድ መሆኑ የቀረው መቼ እንደሆነ ራሱም አያውቅም።

ዘመድ አለው፤ የለውም እንዳይባል። ታላቅ እህቱ አለች፤ እናታቸው ከሞተች በኋላ ያሳደገችው፣ እታለም የሚላት። ልብስ ሰፊ ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን የምትኖረው በወላጆቻቸው ቤት ነው፤ ቤቱ ደግሞ ከዚያው ኮረብታ ሥር ነው። ከእኔ ጋር ኑሪ ብሎ ያልለመናት ጊዜ የለም። ደንበኞቼን ማን ይሰፋላቸዋል፣ ጎረቤቶቼስ ትላለች፤ ከዚያ ወሬ ትቀይራለች። እሱም ሆድ ይብሰዋል እንጂ አይጨቀጭቃትም። እንዲህ እንዲህ እያለ እሷ ከኮረብታው ሥር፣ እሱ ከቁጥሩ ጋር፣ ጸጉራቸው ሸበተ።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ማስጠንቀቂያው ጮኸ።

ሰባተኛው ካስማ 9.4318 ይላል። ከዘጠኝ ሴንቲሜትር በላይ፣ በአንድ ሌሊት። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ፋይሉን ስታየው ፊቷ አመድ መሰለ፤ ሌላ ነገር ሳታስከትል ስልክ አነሳች። እኩለ ቀን ሳይሆን ከኮረብታው ሥር ያለው ሕዝብ ፍራሹን እየተሸከመ ይወጣ ጀመር። ዘመድ ያለው ዘመዱ ጋ ሄደ፤ የሌለው አንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ ሲሚንቶው ላይ አነጠፈ። ማስመሪያ ለእህቱ ደወለ። እሷ ግን ማሽኔን ሳልይዝ ንቅንቅ አልልም ብላ አፈር ልትለብስ ነው እስኪል ድረስ አስጨነቀችው። ወደ ማታ ላይ በሩ ተንኳኳ። እታለም የስፌት ማሽኗን ራስ በብርድ ልብስ ጠቅልላ እንደ ሕፃን ታቅፋ ቆማለች። ሰላም ከማለቷ በፊት ወደ ውስጥ አየችና ወንበርህ የት አለ ስትል ጠየቀችው። የእሱ አንዷ ወንበርስ ነበረች፤ እታለም የጠየቀችው ግን ስለ ሁለተኛዋ፣ ስለሌለችው ነው።

በማግስቱ ከሥራ ሲመለስ ወንበር ገዝቶ ተሸክሞ መጣ።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ቀናት ማስመሪያ ኖሬያለሁ ከሚላቸው ቀናት ውስጥ የሚቆጠሩ ናቸው። ጠረጴዛው በብትን ጨርቅ ተሞላ፤ ወለሉ ላይ ክር፣ አልጋው ላይ መርፌ። በቁመት ደርድሮ ያስቀመጣቸውን ብርጭቆዎች እታለም አይታ እስኪያልቅባት ሳቀች፤ ከዚያም እንደፈለገች አደበላለቀቻቸው። ሌላ ሰው ቢያደርገው ኖሮ ደሙ ይፈላ ነበር። እሱ ግን ዝም ብሎ ያያታል። ሾርባው ጨው በዝቶበታል አልበዛበትም ብለው ተጨቃጨቁ፤ ከስንት ዓመት በኋላ ከሰው ጋር መጨቃጨቅ እንዴት ደስ እንደሚል ለማንም ቢነግር የሚያምነው አያገኝም። ሬዲዮውን የከፈተው የለም። ከመሥሪያ ቤት ሰዓቱ ሲደርስ ቀድሞ የሚወጣው እሱ ሆነ፤ ዘበኛው እንኳ ዛሬስ ምን ነካህ ብሎ ቀልዶበታል።

እሷ ቀን ቀን አዳራሹ ትሄዳለች። ግድግዳ የሚለያያቸው ጎረቤቷ፣ አስም ያለባት ትንሽ ልጅ አለቻት፤ የሲሚንቶው ብርድ አልተስማማትም። እታለም ከማስመሪያ ቤት ያገኘችውን ብርድ ልብስ ሁሉ ይዛላቸው ሄደች፤ አንዱ እሱ የሚተኛበት ነበር። እሱም ማታ ኮቱን ደርቦ ተኛ። ደስ ብሎታል። ደስታው ከሌላው ሰው መከራ ላይ የበቀለ መሆኑን ግን ያን ጊዜ አላሰበውም፤ ማንም አያስበውም።

አርብ ዕለት የመሥሪያ ቤቱ ጂኦሎጂስት ጫማው አፈር በአፈር ሆኖ ከኮረብታው ተመለሰ። ይህ ሰው ሲናደድ ድምፁ የሚቀንስ ዓይነት ነው። ቀስ ብሎ ከማስመሪያ ጠረጴዛ ጎን ቆመና ሽቅብ ቁልቁል ብዬ አንዲት ስንጥቅ አላገኘሁም አለ። ካስማው እንኳ ዘንበል አላለም። ረቡዕና ሐሙስ የመጡት ቁጥሮችም እንዲሁ ትልልቅ ናቸው፤ መሬቱ ግን ባለበት ነው።

«ዘጠኝ ሴንቲሜትር የሄደ መሬት ሣሩ እንኳ ይናገራል» አለው። «እስቲ ያንተን ፕሮግራም እየው።»

ማስመሪያ ተቀየመ። የእሱ ፋይል! ዓምዱ እንደ ውሃ ልክ ቀጥ ያለው ፋይል! ሆኖም ሰውየው ከሄደ በኋላ ካስማዎቹ መጀመሪያ የላኩትን ጥሬ መረጃ ከፈተ፤ ሊያሳፍረው ነበር ሐሳቡ። ሰባተኛው ካስማ ላይ ሲደርስ የራሱ ፊት ጋለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቁጥር በጣም ትንሽ ሲሆን ኮምፒውተር ዜሮ መደርደር ይሰለቸዋል። ስለዚህ ዜሮዎቹን ትቶ አሃዞቹን ብቻ ከፊት ይጽፍና ከኋላ አጭር ጭራ ይቀጥልለታል፤ ጭራው ነጥቡን ይህን ያህል ቤት ወደ ግራ መልሰው ማለት ነው። እስከ አምና ድረስ የነበሩት መለኪያዎች ያን ያህል ትንሽ ነገር አይሰሙም ነበርና ጭራ ያለው ቁጥር መጥቶ አያውቅም። ዘንድሮ የተተከሉት ግን የጉንዳን እርምጃ ይሰማሉ። ሰባተኛው ካስማ የላከው 9.4318 ብቻ አልነበረም፤ ኋላው ላይ «ኢ ሲቀነስ አምስት» የሚል ጭራ ነበረው። ሲፈታ 0.000094318 ሴንቲሜትር ይሆናል፤ ምንም ማለት ነው። የማስመሪያ ፕሮግራም ግን ዓምዱ እንዳይንጋደድ ብሎ እያንዳንዱን ቁጥር ስድስት ቦታ ላይ በመቀስ ይቆርጣል። ጭራው ረዘመ፣ ሰልፉን አበላሸ፣ ተቆረጠ። የቀረው አስፈሪ ቁጥር ነው።

ኮረብታው አልተንቀሳቀሰም። የተንቀሳቀሰው ሕዝቡ ነው፤ እሱም ለዓምድ ውበት ሲባል።

ማስመሪያ ክፉ ሰው አይደለም። ወዲያው ነው የተነሳው፤ ኃላፊዋ ቢሮ በር ላይ ደረሰ። ኃላፊዋ ስልክ ላይ ነበረች፤ በጣቷ አንዴ ጠብቀኝ አለችው። ቆሞ ጠበቀ። ሲጠብቅ ሐሳብ መጣ። ሰዎቹ ዛሬውኑ ወደየቤታቸው ይመለሳሉ ብሎ አሰበ፤ እታለምም ማሽኗን በብርድ ልብስ ትጠቀልላለች። ሁለተኛው ወንበር ባዶውን ይቆማል። ዜና አንባቢው እንደምን አመሻችሁ ይላል። ኃላፊዋ ስልኩን ዘግታ ቀና ስትል በሩ ላይ ማንም አልነበረም።

ሰኞ እነግራቸዋለሁ ብሎ ነበር ለራሱ። እስከዚያ ደግሞ በደንብ ላጣራው፣ በጥንቃቄ ስም የተደረገ ነገር ማንን ገደለ፣ ኮረብታው ሥር መኖርም በራሱ ጥሩ አይደለም፤ ብቻ ሰው ራሱን ማታለል ሲፈልግ ምክንያት አያጥርበትም። ደረጃው ላይ ጂኦሎጂስቱ አገኘው።

«አየኸው?»

«አየሁት።»

«እና?»

«ደህና ነው» አለ ማስመሪያ፤ ዓይኑን ከሰውየው ጫማ ላይ ሳያነሳ።

ቅዳሜን አብረው ዋሉ። ገበያ ወጥተው አዝራር ገዙ፤ እሱ በመጠን በመጠን ሲለያቸው እሷ መዳፏ ላይ ደባልቃ ሳቀችበት። ከሰዓት በኋላ ማሽኗን መስኮቱ ሥር አስጠግታ የአንድ ሰው ኮት ስትገለብጥ ድንገት እዚህ ቤት ብርሃኑ ጥሩ ነው አለች። የሷ ቤት ኮረብታው እየጋረደው ቶሎ ይጨልማል፤ ዓይኗም እንደ ድሮው አይደለም። ለመርፌ እንዲህ ያለ መስኮት የት ይገኛል እያለች ለብቻዋ አጉተመተመች። እዚህ ሰፈርም ቢሆን ልብስ የማይቀደድበት ሰው የለም፣ ደንበኛ አላጣም አለች፤ ከዚያ በጥርሷ ክሩን በጠሰችውና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ማስመሪያ ሻይ እየቀዳ ነበር፤ ብርጭቆው ሞልቶ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። እየጸለየ የነበረውን ነገር ጆሮው የሰማ መሰለው።

ግን ደስታው አልተዋጠለትም። ማሽኗ ሲያርፍ፣ ቤቱ ፀጥ ሲል፣ ያ ቁጥር ከነጭራው ዓይኑ ላይ ድቅን ይላል። እህቱ አጠገቡ ተቀምጣ ሳለ ብቻውን ሆነ፤ ሊነግራት የማይችለው ነገር በመሃላቸው ተቀምጧልና። ሬዲዮ ብቻ ባለበት ቤት እንኳ እንዲህ ብቻውን ሆኖ አያውቅም።

እሁድ እታለም ከአዳራሹ የተመለሰችው ቀሚሷ ተጨማድዶ፣ ነጠላ ጫማዋ በጭቃ ተለውሶ ነው። የጎረቤቷ ልጅ ትንፋሽ አጥሯት ሐኪም ቤት አብራ ሄዳ ነበር። አሁን ተሽሏታል፤ ግን ሐኪሙ ብርድ ላይ አታስተኟት ብሏል፤ ታዲያ የት ያስተኟት? ይህን ስትናገር አልተማረረችም። ወንበሩ ላይ አረፍ ብላ ጉልበቷን እያሸች የልጅቱ ከንፈር እንዴት እንደጠቆረ ትተርክለት ጀመር። ማስመሪያ ከዚያ በላይ አልቻለም።

«እታለም፣ ኮረብታው አልተንቀሳቀሰም።»

ቀና ብላ አየችው። ተመስገን ልትል አፏን ከፈተች፤ ፊቱን ስታይ ተወችው። እሱም የዓምዱን፣ የጭራውን፣ የመቀሱን ነገር እየተደነቃቀፈ አወራላት። እታለም ቁጥር አታውቅም የሚላት ካለ ተሳስቷል፤ ጨርቅ የሚለካ ሰው ግማሽ ጣት ምን እንደሚያጠፋ ያውቃል። ነገሩን ቶሎ ገባት። ሰው ይሳሳታል አለችው፤ ስንቱን ኮት አበላሽቻለሁ፣ ዛሬ ካወቅህ ዛሬ ንገራቸው። እዚህ ላይ ዝም ቢል ኖሮ ነገሩ በዚህ ያልፍ ነበር።

«ያወቅሁት አርብ ነው» አላት።

ጉልበቷን ማሸት አቆመች። ከዚያ ስልክህን አምጣና ኃላፊህ ጋ ደውል አለችው፤ አጠገቧ ቆሞ ደወለ፤ ሁሉንም ተናገረ፤ ዘጋ። እታለም ይህን ጊዜ ጨርቆቿን ማጠፍ ጀምራ ነበር። ሊረዳት እጁን ሲዘረጋ ተወው አለችው። ኮቱን፣ አዝራሮቹን፣ መቀሷን፣ አንድ በአንድ። መጨረሻ ላይ ማሽኗን ስታነሳ ብርድ ልብስ እንደሌለ ትዝ አላት፤ ሁሉም አዳራሹ ነው። ሻርፗን አውልቃ ጠቀለለችበት።

«ለእኔ ብለህ ነው አይደል?» አለች፤ ጀርባዋን ሰጥታው።

«እንዳትሄጂብኝ ብዬ ነው።»

«አውቄአለሁ።» ዞር ብላ አየችው፤ ዓይኗ እንባ ሞልቶታል፤ ድምፅዋ ግን ደህና ነው። «አርብ ነግረኸኝ፣ ከዚያ ቅሪ ብትለኝ ኖሮ እቀር ነበር። ቅዳሜን ሙሉ ይህንኑ ሳስብ ነው የዋልኩት። ቅሪ እስክትለኝ እየጠበቅሁ።»

«እንግዲያው ቅሪ።»

«አሁንማ እንዴት አድርጌ? ያቺን ልጅ ሲሚንቶ ላይ አስተኝቼ እኔ እዚህ መስኮት ሥር ስሰፋ እንደነበር ስታውቅ እናቷ ምን ትለኛለች? አሁን የምኖረው እነሱ አጠገብ ነው። ሌላ መሄጃ የለኝም።»

ማሽኑ ከባድ ነው፤ እንድትሸከም ሊተዋት አልፈለገም፤ እሷ ግን አልሰጠችውም። ታክሲው እስኪመጣ ድረስ በር ላይ ጎን ለጎን ቆሙ። ስትገባ ራት ብላ አለችው፤ ያሳደገችው ናትና ይህን ሳትል መሄድ አትችልም።

ሰኞ ሕዝቡ ወደየቤቱ ተመለሰ። ኃላፊዋ ስለ ስህተቱ ብዙ አልተናገረችም፤ ስህተት የሥራው አካል ነው። የአርቡን ነገር ግን በጽሑፍ አስጠንቅቃዋለች። ጂኦሎጂስቱ ከዚያ ወዲህ ከሥራ ጉዳይ በቀር ምንም ብሎት አያውቅም። ማስመሪያ ፕሮግራሙን አስተካከለ። ዓምዱን አሰፋው፤ ቁጥሩ የቱንም ያህል ቢያንስ ዜሮዎቹን ሁሉ ደርድሮ እንዲጻፍ፣ ካልበቃው ደግሞ ከመቆረጥ ይልቅ ሰልፉን አልፎ እንዲወጣ አደረገ። ፋይሉ አሁን አያምርም። አንዱ ረዝሞ፣ አንዱ አጥሮ፣ ጥርሱ እንደወላለቀ ማበጠሪያ ነው። ልክ ግን ነው።

በየጠዋቱ ፋይሉን ከፍቶ ለእታለም ይደውላል። ዛሬም ደህና ነው ይላታል። እሺ ትለዋለች፤ ልጅቷ እንዴት ናት ይላታል፤ ደህና ናት ትለዋለች፤ ይዘጋሉ። አትቀየመውም፤ ይህንን ያውቃል። ድሮ የምትነግረውን ወሬ ግን አትነግረውም፤ እሱም ነይ ለማለት አፉ አይታዘዝለትም። ማታ ከሁለቱ ወንበሮች አንዱ ላይ ተቀምጦ ሌላኛውን እያየ ይበላል። አንዳንዴ ወንበሩን ሊሸጠው ያስባል፤ ከዚያ ደግሞ ተወው ይላል።

እንዲህ እያለ ጥቂት ሳምንት ሄደ። አንድ ጠዋት እንደ ልማዱ ፋይሉን ከፈተ፤ ሰባተኛው ካስማ ዜሮ ነጥብ ዜሮ ዜሮ ዜሮ ይላል፤ ከጎኑ ጂኦሎጂስቱ ቆሞ ነበርና እፎይ አለ። ማስመሪያም እፎይ ሊል ፈለገ። ደረቱ ውስጥ ያገኘው ግን እፎይታ አልነበረም፤ ሐዘን ነበር። ትናንትም ከትናንት ወዲያም የተሰማው ያው እንደነበር ያን ጊዜ ገባው። ተነስቶ ኃላፊዋ ቢሮ ሄደ፤ ስልክ ላይ ነበረች፤ ጠብቀኝ አለችው፤ ጠበቀ።

ከነገ ጀምሮ ይህን ፋይል ሌላ ሰው ይክፈተው አላት። ፕሮግራሙን እሱ ይጽፋል፣ ይጠግናል፤ ጠዋት የሚከፍተው ግን ሌላ ሰው ይሁን። ኃላፊዋ ግራ ገብቷት ለምን አለችው፤ አሁን እኮ ቁጥሩ ልክ ነው፣ ሁሉም አረጋግጧል።

«ቁጥሩስ ልክ ነው» አለ ማስመሪያ። «እኔ ነኝ እንጂ። በየጠዋቱ ትልቅ ቁጥር እየተመኘሁ ነው የምከፍተው።»

ኃላፊዋ ሳቀች፤ የቀለደ መስሏት። ከዚያ ፊቱን አየችና ሳቋን ተወችው።